የጋሽ ሰይፉ አራት መቶ ልጆች

ጋሽ ሰይፉ ማረፋቸውን የሰማሁት ጅቡቲ፣ ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለሁ ነው። የነገረችኝ ከድሬዳዋ በባቡር እየተመላለሰች ሽንኩርትና ቃሪያ የምታመጣ ደንበኛዬ ናት። ያ ፋብሪካችሁ የነበሩት ሽማግሌ፣ ኮምፒውተር የሚነካኩት፣ ሰፈራችን ነበር እኮ የሚኖሩት፣ አረፉ አለችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ቲማቲሟን እንዳላፈርጥባት ተቆጣችኝ። መቼ ብላት፣ ውይ ሦስት ሳምንት አለፋቸው አለች።

ሦስት ሳምንት። ጋሽ ሰይፉ ዕድሜያቸውን የፈጁት ነገሮች በስንት ቀን እንደሚዘገዩ ሲያሰሉ ነው። የኮንቴይነሩን መዘግየት፣ የመብራቱን መዘግየት፣ የጫት መኪናውን መዘግየት ሁሉ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብተውት ነበር። የራሳቸው መርዶ በሦስት ሳምንት ዘግይቶ እንደሚደርሰኝ ግን አላሰቡበትም፤ ወይም አስበውበት ይሆናል፣ ከእሳቸው አይጠፋም። ቲማቲሙን ትቼ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። እንዲህ ማልቀሴ የሚያስቅ ነገር አለበት፤ በሰውየው ከሳቁት ሁሉ ዋነኛዋ እኔ ነበርኩና።

ወደ ዶራሌ ወደብ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ቀኑን ሙሉ አቧራ የሚያለብሱት የፕላስቲክ ፋብሪካ አለን። አለን የምለው አፌ ለምዶ ነው እንጂ ንብረትነቱ የሐጂ ዋሂብ ነው። ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጄሪካንና ወንበር የሚያወጡ አራት ማሽኖች አሉት። እኔ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ካገለገልኩ በኋላ፣ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ውስጥ የራሷ ቁልፍ ያላት አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ጄሪካን በሚያወጣው ሦስተኛው ማሽን ላይ ተቀጠርኩ። ሦስተኛው ማሽን አመለኛ ነው፤ ከእኔ ሌላ ሰው ሲነካው ያኮርፋል። ይሄ ጥሩ ጎኔ ነው። መጥፎ ጎኔ ኩላሊቴ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ጠጠር ይሠራል፤ ጠጠሩ ሲንቀሳቀስ ግድግዳ እየቧጠጥኩ ሁለት ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። ቀጠሮ የለውም፣ ምልክት የለውም። ፋብሪካው ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ዘበኛው እንኳን ጠዋት ካጣኝ፣ ዛሬም ድንጋይ ልትወልድ ቀርታለች እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ጋሽ ሰይፉ የምርት ዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ክፍሉ ማለት እሳቸው፣ አንድ ጠረጴዛና ፊደሎቹ ከቁልፎቹ ላይ የጠፉ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሁላችንም በሸበጥ በምንሄድበት ሙቀት በተወለወለ ጥቁር ቆዳ ጫማ የሚመጡ ሰው ነበሩ። ከሸሚዛቸው ኪስ አራት እስክሪብቶና አንድ ማበጠሪያ አይጠፋም። ማበጠሪያው ለምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ፀጉር አልነበራቸውም። ጥያቄ ሲጠየቁ መጀመሪያ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ መልሰው ያደርጉታል፤ ከዚያ ምናልባት ይላሉ። ዛሬ እሁድ ነው ወይ ቢባሉም መልሳቸው ምናልባት ነበር። ሶማሌዎቹ ሠራተኞች አማርኛ ጨርሶ የማይችሉት ሳይቀሩ ይህቺን አንድ ቃል ተምረው፣ ሙስየ ምናልባት፣ አቶ ምናልባት ማለት ነው፣ ብለው ስም አወጡላቸው።

ወጣትነታቸውን የጨረሱት ድሬዳዋ፣ በአንድ የመንግሥት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕቅድ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ዕቅድ ማለት ማኅተም ያለበት ወረቀት ነበር ብለው አጫውተውኛል። የተጻፈው ሳይፈጸም ከቀረ ጥፋቱ የወረቀቱ አይሆንም። የክሩ ነው እንዳይባል ክር በግምገማ ላይ አይቆምም፤ ስለዚህ በክሩ ፈንታ ሰው ይቆማል። ጋሽ ሰይፉ ከዚያ ዘመን ይዘውት የወጡት አንድ እምነት ቢኖር፣ የማይጠራጠር ዕቅድ ሰው ይበላል የሚል ነው። ይህን ሲሉ ብቻ ነው ድምፃቸው ከፍ የሚለው።

ጅቡቲ ከመጡ በኋላ፣ ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ፣ ከኢንተርኔት ያሳተሙትን ወረቀት በክር ሰፍተው እያነበቡ ፕሮግራም መጻፍ ተማሩ። የጻፉትን የዝግመተ ለውጥ ስሌት ይሉት ነበር። እኛ ልጆቻቸው እንለዋለን፤ ይህንንም ያስለመዱን ራሳቸው ናቸው። ምሳ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሲያስረዱን፣ በመጀመሪያ አራት መቶ ዕቅድ በጭፍን ይወለዳል ይላሉ። ማን የትኛው ማሽን ላይ ይቁም፣ የትኛው ዕቃ ይቅደም፣ ቀለሙ መቼ ይቀየር፣ ሁሉም በዕጣ ነው። ብዙዎቹ ሲወለዱ ጀምሮ ደደቦች ናቸው። ከዚያ እያንዳንዱ ዕቅድ መቶ መጥፎ ሳምንት እንዲኖር ይደረጋል። በአንዱ ሳምንት መብራት ይጠፋል፣ በሌላው ጥሬ ዕቃው ዶራሌ ላይ ይያዛል፣ በሌላው ሦስት ሰው ከሥራ ይቀራል። ያልቻለው ይሞታል። የተረፉት ይጋባሉ፤ ልጁ ጠዋቱን ከአባቱ፣ ከሰዓቱን ከእናቱ ይወስዳል። አልፎ አልፎ ደግሞ አንዱ ልጅ ላይ ሳይታሰብ አንድ ነገር ይቀየርበታል፤ ዘር እንዳይሰንፍ ነው ይሉናል። ይሄ ለሺህ ትውልድ ተደጋግሞ መጨረሻ ላይ የተረፈው አንድ ዕቅድ፣ የጅቡቲ የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት በእሁድ ጠዋት ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

ይህን ሁሉ የሚነግሩን ሰው ሚስትም ልጅም የላቸውም። እንግዲህ ዝም ማለት ይቻላል? በየጠዋቱ በበራቸው አንገቴን አስገብቼ ዛሬ ስንት ወለዱ እላቸዋለሁ። ቀና ሳይሉ አራት መቶ ይሉኛል። ስንት ቀበሩ እላለሁ። ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ። እግዚአብሔር ያጽናዎት ብዬ እወጣለሁ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ተባብለናል፤ አንድ ቀን እንኳን አልተቆጡኝም።

መጥፎዎቹን ሳምንታት ደግሞ ከመሬት ተነስተው አልነበረም የሚፈጥሯቸው። እኛ አገር፣ ማለቴ ጅቡቲ፣ ሥራ በማቆም መብራትን የሚያስከነዳው ጫት ነው። ቀትር ላይ ከኢትዮጵያ የተጫነው ሲገባ መኪናው ጡሩምባውን ይነፋል፣ ከተማው ይነቃል፣ ፋብሪካው ይተኛል። ቀደም ብሎ ከመጣ ወንዶቹ ቀደም ብለው ይጠፋሉ፤ ከዘገየ ደግሞ አንገታቸው መንገድ መንገዱን እያየ ስለሚቆይ ሥራው ያው ነው። ስለዚህ ጋሽ ሰይፉ የጫቱን መግቢያ ሰዓት ሊመዘግቡ ተነሱ። አንድ ወር ሙሉ በዚያ በቀትር ፀሐይ፣ በዚያ በተወለወለ ጫማ፣ ከጫት ሻጮቹ ጠረጴዛ አጠገብ ደብተርና ሰዓት ይዘው ቆሙ። በመጀመሪያው ሳምንት የመንግሥት ሰው ናቸው ተባለ። በሁለተኛው ሱስ ያዛቸው ተባለ። በሦስተኛው አንዲት ሻጭ አዘነችላቸውና ወንበር አውጥታ አንድ እስር በነፃ ብትዘረጋላቸው፣ በትህትና አመስግነው፣ ትናንት እኔ ከሄድኩ በኋላ ሁለተኛ መኪና መጥቶ ነበር ወይ ብለው ጠየቋት። ሴትየዋ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ አወራችው። አሁንም በጠረጴዛዋ በኩል ባለፍኩ ቁጥር፣ ያ የማይቅመው ሰውዬ ደህና ነው ወይ ትለኛለች። ባለፈው ሳምንትም ጠየቀችኝ። ምናልባት አልኳት።

ልጆቻቸው የዋዛ እንዳልሆኑ የገባኝ በአንድ ጥቁር ጄሪካን ምክንያት ነው። የፕላስቲክ ሥራ አንድ ሕግ አለው፤ ሳምንቱ በነጭ ተጀምሮ በጥቁር ያልቃል። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። ከጥቁር ወደ ነጭ ለመመለስ ማሽኑን ግማሽ ቀን ማጽዳት ግድ ነው፤ ይህን ደግሞ ሁልጊዜ እሁድ ጠዋት እናደርገዋለን። አንድ እሁድ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዕቅድ ሐሙስ ባቆማችሁበት በጥቁሩ ቀጥሉ፣ ነጩ ማክሰኞ ይሁን ይላል። እኔ ለሕጌ ታማኝ ነኝ። ግማሽ ቀን ማሽኑን አጽድቼ ነጩን ጫንኩ። ሁለት ሰዓት እንደሠራሁ ነጩ ቀለም አለቀ። የሚተካውን የያዘው ኮንቴይነር ዶራሌ ላይ ተይዟል፣ ከማክሰኞ በፊት አይወጣም ተባለ። ወደ ጥቁሩ ተመለስኩ፤ ማክሰኞ ደግሞ ያንኑ ማሽን እንደገና ላጸዳው ነው ማለት ነው።

ጋሽ ሰይፉ መጥተው ቆሙ። አላልኩሽም ወይ እስኪሉኝ ጠበቅኩ፤ አላሉም። ኮንቴይነሩ እንደሚያዝ ኮምፒውተሩ እንዴት አወቀ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ በቁጣ ነው የጠየቅኩት። መነጽራቸውን ወልውለው አደረጉ።

«ምናልባት አላወቀም» አሉኝ። «ፈርቶ ነው። ከአያቶቹ መሃል ነጩን ያስቀደሙት ብዙዎቹ ሞተዋል።»

ማክሰኞ ማሽኑን ሳጸዳ እጅጌያቸውን ሰብስበው አገዙኝ። ጫማቸው ተበላሸ። በማግስቱ ወልውለውት መጡ።

ከዚያ ሪያድ መጣ። ሪያድ የሐጂ ልጅ ነው፤ ፈረንሳይ ተምሮ ተመልሶ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ፊደሉ የጠፋ ላፕቶፕ ግን አይወድም። ከውጭ የታወቀ ፕሮግራም ይገዛ አለ። ሐጂ ልጃቸውን መቃወም አይሆንላቸውም፣ ከውጭ መግዛትም አይሆንላቸውም። ስለዚህ መሃል ቤት አንድ ነገር አገኙ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሃያ ሺህ ጄሪካን በአንድ ወር ይድረስልኝ ብሎ አዝዞ ነበር። በጋሽ ሰይፉ ዕቅድ ጄሪካኑ በቀኑ ከደረሰ ሰውየውም ላፕቶፑም በቦታቸው ይቆያሉ። አንድ ቀን ከዘገየ ዕቅድ ክፍሉ ይዘጋል፣ ጋሽ ሰይፉ መጋዘን ወርደው ከረጢት ይመዝናሉ። ሪያድ ደግሞ የራሱን ጨመረበት። ፕሮግራሙ ለዚህ ትእዛዝ ሥራ ያልሰጠው ሠራተኛ ካለ፣ ፋብሪካውም አያስፈልገውም ማለት ነው አለ። ይህን በፈረንሳይኛ ተናገረ፤ ወደ አማርኛ የመለሰልን ሁለተኛው ማሽን ላይ የሚሠራው ዋይስ ነው። ዋይስ ሲተረጉም ይስቅ ነበር። የሚባረረው ሌላ ሰው ነው ብሎ ነው፤ ልክም ነበር።

እኔ ፈራሁ። ከፋብሪካው ከወጣሁ ያለኝ መንገድ ወደ ሰው ቤት መመለስ ነው፤ የራሴን ቁልፍ ደግሞ ለምጃታለሁ። በሩ ላይ ያለው ደብተር በዚያ በጋ በየወሩ ስንት ቀን እንደቀረሁ አንድ በአንድ ይዞታል። ያን ሰሞን በጋሽ ሰይፉ በር ሳልፍ ስንት ወለዱ ማለት ተውኩ። አንድ ቀን እሳቸው ራሳቸው ጠሩኝ። ዘኒ፣ ውሃ ትጠጫለሽ ወይ አሉኝ። እጠጣለሁ አልኩ። በቀን ስንት አሉኝ። ለሰንጠረዣቸው ነው ብዬ ደሜ ፈላ፤ ሦስት ሊትር ብዬ ወጣሁ። ስወጣ ዞሬ አየኋቸው፤ ምንም አልጻፉም።

እሁድ ዕቅዱ ተለጠፈ። ሦስተኛው ማሽን፣ ወሩን ሙሉ፣ ዘነበች ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ምን አደረግኩ? ተኮፈስኩ። አያችሁ፣ እነዚያ አራት መቶ ልጆች እንኳን እኔን ያውቁኛል እያልኩ ለዋይስ ጉራዬን ነዛሁበት።

ሦስት ሳምንት ከሰዓት እላፊ ሳይቀር ሠራሁ፤ ማሽኑም አላኮረፈም። በአራተኛው ሳምንት ያ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ተነሳ፣ ጠጠሬም አብሮ ተነሳ። ሁለት ቀን ክፍሌ ውስጥ ተጠቅልዬ ዋልኩ። በእኔ ቦታ ዋይስን አቆሙት። ማሽኑ ለእንግዳ እጅ የሚያደርገውን አደረገ፤ አንገታቸው የተጣመመ፣ ክዳን የማይገጥምላቸው ጄሪካኖች ሲያወጣ ዋለ። ትእዛዙ አንድ ቀን ዘግይቶ ተጫነ።

ሐጂ መጋዘኑ ፊት ለፊት ሰበሰቡን። ራሳችን ባመረትነው ነጭ ወንበር ላይ ተቀምጠው እያንዳንዳችንን ምን ሆነ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሰይፉ ዳር ላይ ቆመዋል። እኔ ገና ቀለሜ አልተመለሰም፤ ጥፋቱ ከኩላሊቴ ላይ እንዲወርድልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው። ተራዬ ሲደርስ እንዲህ አልኩ።

«ሐጂ፣ እኔ በሙቀት እንደምታመም ዘበኛው እንኳን ያውቃል። ያላወቁት የጋሽ ሰይፉ አራት መቶ ልጆች ብቻ ናቸው።»

አማርኛ የሚሰሙት ሳቁ። ዋይስ ወደ ሶማልኛ መለሰው፣ ሶማሌዎቹ ሳቁ። ለሪያድ ወደ ፈረንሳይኛ ተመለሰለት፣ እሱም ሳቀ። ሐጂ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሳቁ በየቋንቋው እየዞረ እኔ ዘንድ ሲመለስ፣ ራሴም ባልኩት ነገር ኮርቼ ሳቅሁ። ጋሽ ሰይፉ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉት። ሁላችንም ምናልባት የሚለውን ስንጠብቅ፣

«ልክ ናት» አሉ። «የኔ ስህተት ነው።»

ያለ ምናልባት ሲመልሱ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ይህን ያስተዋልኩት ግን ብዙ ቆይቼ ነው።

ከበሩ አጠገብ ሚስማር ላይ የሚንጠለጠለውን የመጋዘን ቁልፍ ይዘው ወረዱ። ስምንት ወር ያህል የጥሬ ዕቃ ከረጢት መዘኑ። ጫማቸው በነጭ ዱቄት ተሸፍኖ ይውላል፤ ጠዋት ግን እንደተወለወለ ይመጣል። ውሃ ጠጪ ማለታቸውን አላቆሙም። እኔም ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ማለቴን አላቆምኩም፤ እንዲያውም ብሶብኝ ነበር። በመጨረሻ ደከመኝ ብለው በባቡር ወደ ድሬዳዋ ተመለሱ። ለመሸኘት አልሄድኩም፤ ተረኛ ነበርኩ።

የሪያድ ፕሮግራም ቶሎ አልመጣም። ሐጂ በየወሩ በሚቀጥለው ወር ይላሉ። ጋሽ ሰይፉ ከሄዱ በኋላ ግን እስከዚያው ማሽኖቹን የሚያውቅ ሰው ዕቅድ ያውጣ ተብሎ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ፤ ላፕቶፑም ከነጠረጴዛው ተሰጠኝ። ጋሽ ሰይፉ በእጃቸው የጻፉት ደብተር መሳቢያው ውስጥ ነበር። ይህን ተጫኚ፣ ይህን ያህል ጠብቂ፣ እንዲህ ካለሽ አትደንግጪ ይላል። አንቺ እያሉ ነው የጻፉት። ያን ጊዜ እንግዳ ነገር አልመሰለኝም።

አንድ ጠዋት ቀሪዎች የሚለውን ሰንጠረዥ ከፈትኩ። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም፣ በወር የሚቀርባቸው ቀናት፣ ከጎኑ ደግሞ ምንጭ የሚል ሳጥን አለ። ዋይስ፣ ሁለት፣ የበር ደብተር። ዘበኛው፣ አንድ፣ የበር ደብተር። ወረድኩ። ዘነበች፣ ዜሮ። ምንጭ፣ እኔ።

ረስተውት ነው አልኩ መጀመሪያ። ግን የጫት መኪና በደቂቃ የመዘገቡ ሰው ይረሳሉ? ከሥሩ ሌላ ሰንጠረዥ አየሁ፤ ከዚያኛው አንድ ቀን ቀድሞ የተሠራ ነው። ዘነበች፣ አምስት፣ የበር ደብተር ይላል። ከእሱ የተወለደውንም ዕቅድ ከፈትኩት። በዚያ ዕቅድ ዋይስ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሦስተኛው ማሽን ላይ ቆሞ ይለማመዳል፤ ሃያው ሺህ ጄሪካን ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድሞ ያልቃል። መቶውን መጥፎ ሳምንት አልፎ የተረፈ፣ ጤነኛ ልጅ ነው። በእኔ ስም ትይዩ ያሉት አራቱም ሳምንታት ባዶ ናቸው። ሪያድ የዚያን ባዶ ትርጉም አስቀድሞ ነግሮናል።

እንግዲህ ጋሽ ሰይፉ ሥራቸውንም፣ ስማቸውንም፣ ያን ሁሉ ዓመት የደከሙበትንም በእጃቸው ይዘውት ነበር ማለት ነው። ያንን ልጅ ራሳቸው ቀበሩት። የማይጠራጠር ዕቅድ ሰው ይበላል ሲሉ ኖረው፣ የሚጠራጠረውም ከመብላት እንደማይመለስ ያዩት ያን ቀን ይመስለኛል። እኔ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት አቁሜ፣ ዘበኛው የሚያውቀውን አያውቁም አልኳቸው። አፈርኩ። ላፕቶፑን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት፤ ዜሮው እዚያው ነው።

ደወልኩላቸው። ደስ ብሏቸው አነሱ። ሦስተኛው ማሽን እንዴት ነው አሉ፣ ጫቱ አሁን በስንት ሰዓት ይገባል አሉ፣ ከዚያ ኩላሊቴን ጠየቁ። የይቅርታ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር።

«ጋሽ ሰይፉ፣ ሰንጠረዡን አየሁት» አልኳቸው።

መነጽሩን እየወለወሉ እንደሆነ ከድሬዳዋ ድረስ ታየኝ።

«ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» አሉ። «አንቺ ብቻ ውሃ ጠጪ።»

እኔም ይቅርታ ያድርጉልኝ በማለት ፈንታ እጠጣለሁ አልኩና ተሰነባበትን። ለእንቁጣጣሽ ድሬዳዋ ሄጄ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ ብዬ ቀጠርኩት። ዕቅድ አውጪ አይደለሁ? ቀኑን፣ ባቡሩን፣ የምወስደውን ስጦታ ሳይቀር ወስኜ ነበር፤ ጥሩ የጫማ ቀለም ነው። ሊዘገይ ይችላል ብዬ አልተጠራጠርኩም።

መርዶውን በሰማሁበት ሳምንት የሪያድ ፕሮግራም ከፈረንሳይ ደረሰ። ሪያድ አጠገቤ ተቀምጦ የሠራተኞቹን ዝርዝር አስሞላኝ። ስም፣ የሚቀርባቸው ቀናት፣ ምንጭ። የውጩም ምንጭ ይጠይቃል። ፕሮግራሙ የማይታመነውን ሰው ራሱ ለይቶ ያሳየናል፣ ከዚያ እናሰናብታለን አለኝ በለመዳት ትንሽ አማርኛ፤ የበሩን ደብተር ከፊቴ አስቀምጦልኛል። ዋይስ ጋ ደረስኩ። የዋይስ እናት ከወደቁና ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው እሱ ብቻ ነው። ደብተሩ በወር ስድስት ይላል።

ዜሮ ብዬ ሞላሁ። ምንጭ በሚለው ሳጥን ውስጥ እኔ ብዬ ጻፍኩ። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ ሪያድ። ነኝ አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ዋይስ ሁለት ቀን ቀረ። ለአንድ መርከብ ቃል የተገባ ባልዲ ሳይደርስ መርከቡ ሄደ። ሪያድ ስልክ ይዞ ፈረንሳይ ያሉትን ሰዎች ሲቆጣ ዋለ። ዋይስ ሲመለስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዕቅድ አየ፣ ወሩን ሙሉ በየቀኑ ሁለተኛው ማሽን ላይ እንደሚገኝ የተጻፈውን አነበበና በሶማልኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እንዳይቀርብኝ ብሎ ወደ አማርኛ መለሰልኝ። አባዮ ይለኛል፣ እህቴ ማለቱ ነው።

«አባዮ፣ ይሄ ከባሕር ማዶ የመጣው ማሽንሽ እናቴ መታመሟን አያውቅም እንዴ? ዘበኛው እንኳን ያውቃል።»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ መነጽር የለኝምና በነጠላዬ ጫፍ ፊቴን ጠረግኩ።

«ልክ ነህ» አልኩት። «የኔ ስህተት ነው።»

ሪያድ መልሴን ሰምቶ፣ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞር ሲል አየሁት። የመጋዘኑ ቁልፍ በሩ አጠገብ ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። መጋዘኑ ከማሽን ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ ለኩላሊቴም ሳይሻል አይቀርም።